ግራ አንጓ

ከስታዲየም ኋላ፣ ከዋንጫ መሸጫው ደረጃ ላይ ሆኖ፣
ጋዲሳ ያዳምጣል፣ ግራ እጁን በጃኬት ኪሱ ውስጥ ሸፍኖ።

ሊስትሮው ሰንጠረዡን በጠመኔ ጽፏል እደረጃው ድንጋይ፤
አራት አገር አለ፣ ሁለት ያልፋል ከላይ።
«ሦስት ነጥብ አለን፤ ጎሉ ግን ዕዳ ነው፤
በሁለት ካሸነፍን፣
እነዚያም እዚያ ማዶ አቻ ከወጡልን፣ አለፍን ማለት ነው።»
ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ በመዳፉ ይጠርጋል፤
አገሩ እንደሆነ፣ ኳስ ባይሆንለትም ሒሳብ ይሆንለታል።

ጋዲሳ ዝም አለ።
እሱም ቁጥር አለው፣ በመዳፍ ተጠርጎ የማይጠፋ።

እናቱ ስትጠየቅ፣ «ጎርፍ አጥር የወሰደ፣ ያን ክረምት ነው» አለች፤
የቀበሌ ጸሐፊ ያሻትን ቀን ጻፈች፤
ከዚያ ያ ነጭ ማሽን አንጓውን ዋጠና፣
አጥንቱ አፍ አውጥቶ፣ «አሥራ ሰባት አልፏል» ሲል መሰከረና፣
ማልያው ባንድ ሌሊት፣
አሥራ አንድ ቁጥሩ፣ ሄደ ለረድኤት።
ሦስት ልደት ያለው ልጅ፣
አንድ ኬክ ያልቆረሰ፣ ቁጭ አለ ከደጅ።

ድንገት እርግብ ተነሣ ከጣራው ዙሪያ፤
ጩኸቱ ተከተለ። በመደርደሪያ
ስም ያልተቀረጸባቸው ዋንጫዎች ተጋጩ፤
የለገሃር ታክሲዎች በክላክስ ተንጫጩ።
«ማነው? ማን አገባ?»
«አሥራ አንድ ቁጥር!» አለ፣ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ሎተሪ አዟሪ፤
ሊስትሮው ዘለለ፣ «አንድ ብቻ ቀሪ!»

ጋዲሳም ጮኸ፤
ቀኝ እጁን እስከ ሰማይ ዘረጋ።
ግራው ከኪሱ አልወጣም።