መቶ ሰማንያ አንደኛዋ ሌሊት

አቶ ሃማኖ፣ ይኸው መዝገቤን ይዤ መጣሁ፤
ሦስቴ ደመርኩት፣ ሦስቴም ልኩን አጣሁ።
እንግዳው ሁሉ በስሙ፣ በፓስፖርቱ ቁጥር ሰፍሯል፤
አንዲት ሌሊት ግን ተርፋለች፣ መስመሩ አልቋል።

ባለቤቴ ሲሞት ላይኛው ፎቅ ዝም አለ፣
የመርከብ ብየዳ የለበለበው ጓንቱ ምስማር ላይ እንዳለ።
ልጄ ከኦሳካ መጥታ «አከራዪው» አለች፣
ፎቶውን ራሷ አንስታ ራሷ ሰቀለች።
ማከራየት ለኔ በር መክፈት መስሎኝ ነበር፤
ለካ ከበሩ በፊት ስንት አለ ሌላ በር!
የጭስ ደወል በየክፍሉ፣
መብራት ሲጠፋ የሚበራ መብራት በየደረጃው ሁሉ፣
ለጎረቤት ደጅ ለደጅ ዞሮ ማስታወቅ፣
ስጦታ ይዞ፣ አጎንብሶ፣ መሳቀቅ።
ለሽማግሌው ለኒሺዋኪ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፤
አንዴ ስለማይሰማ፣
አንዴ ደግሞ ስለሚሰማ።

ከዚያ እርስዎ የሰጡኝ ቁጥር ያለበት ሰሌዳ
ከባሌ ስም አጠገብ ተሰቀለ፣ እሱም እንደ እንግዳ።

የሚቃጠል፣ የማይቃጠል፣ ጠርሙስና ጣሳ፣
በአምስት ቋንቋ ለጥፌ ነበር እንዳይረሳ፤
አንዱ ከሊዮን የመጣ ጎረምሳ
የሙዝ ልጣጭ ከቶ ሄደ ከጣሳ።
ኒሺዋኪ ልጣጩን በመብያ እንጨት ይዞ ደጄ ቆመ፤
አጎንብሼ ቀረሁ፣ ወገቤ ታመመ።

ዓመቱ የኔ ነው፣ ለእንግዳ ግን ግማሽ፤
መቶ ሰማንያ ሌሊት፣ ከዚያ ወዲያ ቁልፍ መላሽ።
መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልዋሽዎትም፤
ቤቱ የኔ፣ ጣራው የሚያፈሰው በኔ፣ ሌሊቱ ግን የኔ አይደለም?
ኋላ ግን ወደ ጀልባው ስወርድ አየሁት፣ የታችኛውን ሰፈር፤
ስምንት ቤት ተሸጦ፣ የቁልፍ ሳጥን ተንጠልጥሎ በየበር፣
ማታ መብራት የሚያበራ አንድ ነዋሪ የለ፣
ሻንጣ ብቻ ድንጋዩ ላይ እየተንኳኳ ይሄዳል እየተንከባለለ።
ሕፃን የማያለቅስበት መንገድ መንገድ ነው ይላሉ?
ከዚያን ቀን ጀምሮ በእርሳስ ሳይሆን በቀለም ቆጠርኩ፣ በትክክሉ።

ዓመቱ ሊዞር ሦስት ቀን ሲቀረው፣
ሌሊቶቼ አልቀው፣ ላይኛውን ክፍል ቆልፌው፣
ዝናብ ነበር፤ ድመት እንኳ ከጣራ ሥር የማይወጣ።
ማነው ብዬ ብከፍት፣ ብስክሌት የተሸከመች ልጅ፣ ከንፈሯ ደም ያጣ።
ከታይዋን ናት፣ ዪ-ቺን። ድልድዩ ላይ ጎማዋ ፈነዳ፣
ሆቴሉ ሁሉ ሞላ፣ በኋላ አየች የደጄን ሰሌዳ።
ገንዘቧን አወጣች፣ እንደሷው የራሰ።
«አይሆንም» አልኳት። «ሌሊቱ አልቋል።»
ልጅቷ ጨለማውን ዞር ብላ አየችው፤
ገና መምሸቱ ነበር።

ምን ላድርግ? ገንዘቧን መለስኩ፣ እጇን ያዝኩ።
ላይ አላወጣኋትም፤ የተቆለፈ ተቆልፏል።
ከጎኔ፣ ባሌ ይተኛበት ከነበረው ቦታ አነጠፍኩላት፣
ሾርባ አሞቅኩላት።
ሲነጋ በባሌ መሣሪያ ጎማዋን ጠገንን፣
ጓንቱንም ሰጠኋት፤ ከእጇ ይሰፋ ነበር፣ ቢሆንም።
ኒሺዋኪ በሬ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ አይቷል።
እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤
እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ገንዘብ ካልተከፈለ ኪራይ አይባልም ብለው ነበር እርስዎ፤
እኔም በዚህ ቃልዎ አርፌ ነበር።
ምንጣፉን ሳነሳ ግን፣ ትራሱን ብገልጠው፣
ሦስት ሺህ የን! አራት ቦታ አጥፋ ያስቀመጠችው።
አድራሻ የለ፣ ስልክ የለ፣ የማሳድድበት እግር የለኝ።
አሁን ተከራይ ናት ወይስ ዘመድ? እስኪ ይንገሩኝ።

የሚያስቀጣኝ ከሆነ ይቅጡኝ፣ ይጻፉት፣ አልከራከርም።
ግን በዚያ ወፍራም መጽሐፍዎ ውስጥ ለእንዲህ ያለችው ሌሊት
አንድ ባዶ መስመር እንዳለ
ቢፈልጉልኝ።
እስከዚያ ፖስታው እዚህ፣ ማሞቂያው አጠገብ ይቀመጥ፤
ገንዘቡ ገና አልደረቀም።