ያልተመዘገበ ጉዞ

ደብዳቤ አልተጻፈም፣ ማኅተም አልተመታ፣
ፈርገስ ዓሣ ሻጩ "እንሂድ" አለን ማታ።
ሰባት ቤተሰብ ነን፣ ዐሥራ ሦስት ልጆች፤
ስካውቶቹ እነሱ፣ እኛማ ወላጆች
ካስማ ከምሰሶ በቅጡ ሳንለይ
ሐይቁ ዳር ወረድን፣ ዝናብ ባዘለ ሰማይ።
የስኮትላንድ ትንኝ ልጅ አዋቂ አይል፤
ጓዛችን ሳይወርድ ፊት በርበሬ ሲመስል።

ሞርቨን፣ የኔዋ ልጅ፣ ዐሥራ አንድ ነው ዕድሜዋ፣
እቤት በኔ እጅ ነው የሚታሰር ጫማዋ፤
እዚህ ገመድ ይዛ አባቷን ታዛለች፤
"አይደለም፣ አባዬ፣ ፍታውና" ትላለች።
ሦስት ጊዜ ፈታ፣ ሦስት ጊዜ አሰረ፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ወደብ ላይ የኖረ፣
ጀልባ በማዕበል ጠፍሮ የሚያሳድር፣
ይሄ ሰውዬ ነው ቋጠሮ የሚማር?
አየኝ።
አየሁት።
ክብሪት ፍለጋ ሄድኩ።

ኢሽቤል መሪያቸውም እንግዳ ሆና መጣች፣
መለዮ አልለበሰች፣ ፊሽካዋን ትታለች፤
ግን ልጆች እሳት ዳር ሲሯሯጡ ባየች
ቁጥር፣ እጇን ሰዳ ደረቷን ዳበሰች።
"ተኙ!" የሚል የለም።
መጀመሪያ ያንቀላፋችው እሷ፣
ከወንበሯ ላይ፣ አፏን ከፍታ።
የፈርገስ ትንሹ ልጅ ኮቱን ደረበላት፤
ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ ወደኛ ዞሮ፣
ዝም እንድንል አዘዘን።

እሑድ ድንኳን ሲነቀል የሞርቨን ቋጠሮ እምቢ አለ።
"ቢላ ላምጣ?" አልኩት።
"ተይው" አለ አባቷ፣
ዝናቡ ውስጥ ተንበርክኮ፣
የቸኮለም አይመስል።