አርባ ግራም

ብሩክስ፣ አልበርታ፣ መጋቢት ሲጋመስ፣
የጠቆረ በረዶ በየጥጉ ሲፈርስ፣
የቤተ መጻሕፍቷ ማርሊስ
ከፋብሪካው በር ላይ ወረቀት ለጠፈች፤
«ከመጣችሁበት የመጣ አንድ ዕቃ ለትርኢት አውሱን» አለች።

እኛ ሥጋ ቆራጮች፣ ጆሯችንን ደፍነን፣
ሰንሰለቱ ያመጣውን ጎን ከታፋ ለይተን፣
ትከሻ ለትከሻ ስድስት ዓመት ቆመን፣
ስም ከባጅ ላይ እንጂ ከአፍ ያልሰማን፣
ምን አለን? ተባባልን፣ በዓይን።

ቅዳሜ ግን መጣን።

ዲርዬ የግመል ቃጭል፣ ከእንጨት የተፈለፈለ፤
ሮሳውራ የባሏን መረብ መስፊያ፣ መዳፍ ያወዛው፤
ኛኮንግ የካምፕ የራሽን ካርድ፣ ጥግ ጥጉን የተበሳ፣
ከቤቷ የወጣችው ባዶ እጇን ነበርና።
እኔ ድንጋይ ያዝኩ።

ድንጋይ ነው። ቆቦ ገበያ፣ የእናቴ የብረት ኪሎ የተሰረቀ ለታ፣
አለ ውሃ ዳር ወርዳ፣ ስታነሳ ስትጥል ውላ፣
ከጎረቤት ሚዛን አስተያይታ፣
«ከዛሬ ጀምሮ ኪሎ ነህ» ብላ
ሾመችው።
ሃያ ሦስት ዓመት በሽንኩርት ላይ ፈረደ።

ማርሊስ ቅጽ ሰጠችኝ።
የዕቃው ስም፦ ኪሎ።
የተሠራበት፦ ድንጋይ።
ሠሪው፦ እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።
ወንዙን ልጻፍ? እናቴን?
ሁለቱንም ጻፍኩ፣ ወንዙን አስቀድሜ።
ከፊቱ «አትንኩ» የሚል ካርድ አቆመችለት።
ሳያነሱት ኪሎ ምኑን ኪሎ ሆነ?
ዞር ስትል ካርዱን ገለበጥኩት።

የሲክሲካዋ ሸርሊን ጠረጴዛ ባዶ ነበር፤
ካርዷ ላይ «ከየትም አልመጣሁም» ይላል።
መጥታ ድንጋዩን በሁለት እጇ አነሳችው።
«አያቶቼ የድንኳኑን ጠርዝ በእንዲህ ያለ ነበር የሚይዙት፤
ነፋሱን ታውቀዋለህ።
ሲሄዱ ድንኳኑን ይነቅላሉ፣ ድንጋዩን ይተዋሉ፤
ክቡ ዛሬም ሜዳው ላይ አለ።»
አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ፣ የተኛ ልጅ ይመስል።

ከዚያ ኦሬስት መጣ፣ የስንዴ ገበሬው፣ ጡረተኛው፣
የአባቱን ሚዛን አቅፎ።
የጎተራው ሚዛን አባቱን ሲያታልል ስለኖረ
የገዛ ሚዛኑን ገዝቶ ነበር አሉ፤ ከፓውንድ በቀር ቋንቋ አያውቅም።
ድንጋዬን ጫነበት። መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ አሰላ፣
ሰረዘ፣ ደግሞ አሰላ፣
«አርባ ግራም ይጎድላል።»

ዲርዬ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ፤
«እናትህስ ነጋዴ ናት!»
ጆሮዬ ጋለ።
ሃያ ሦስት ዓመት፣ በየኪሎው አርባ ግራም፣
አንድ ጭብጦ ሽንኩርት፣ የማን ልጅ በላው? እኔ?
ታውቅ ነበር? ወይስ ወንዙ ነው የዋሸ?

ግን እጇን አስታወስኩት፤
ሚዛኑ ከወረደ በኋላ፣ ሁልጊዜ፣ ለማንም፣
ከክምሩ አንድ ጭብጥ ዘግና
«ይኸው ምርቃት» የሚለውን እጅ።
ገዢውም በተራው ይመርቃታል፤
ልጆችሽ ይደጉ፣ ዕድሜሽ ይርዘም።

ለሮሳውራ ለማስረዳት ተንተባተብኩ፤
ከልኩ በላይ የሚሰጡትም፣ ከአፍ የሚወጣውም በጎ ቃል
በእኛ ዘንድ አንድ ስም ነው፣ አልኩ።
«ዳግዳግ» አለች፤ «እኛም ጋ ሳይጨምሩ አይሸጡም።»
መረብ መስፊያዋን ከድንጋዩ ጎን ሚዛኑ ላይ ጣል አደረገች።
ኛኮንግ የኮቷን ቁልፍ። አንድ ሕፃን ማስቲካ።
ሸርሊን ወጥታ ከመኪና ማቆሚያው ጠጠር አመጣች።
ኦሬስት ኪሱን በረበረ፣ ጥቂት የስንዴ ፍሬ፣
ስንት ዓመት እዚያ እንደቆየ እሱም አያውቅ።

ሚዛኑ ዝቅ አለ።
«በዛ፣ አለፈ» አለ ኦሬስት፣ ሊያነሳ እጁን ሰዶ።
ተወው፣ አልኩት። ተወው።

ሰኞ ሰንሰለቱ ተነሳ፣ ጆሯችንን ደፈንን።
ከመስመሩ ማዶ፣ በብረት ጓንቱ፣
ዲርዬ አራት ጣት ከፍ አደረገልኝ።
አርባ።
እስከ ዛሬ የምጠራው በዚሁ ነው።