የሄልዩ ሞተር

በሰማንያ ዓመቷ ሐኪሙ «እረፊ» ቢላት ሳቀች፣
ባለ ጥለት ቀሚሷን ሰብስባ ሞተሯን አሞቀች።

ከጎኗ በቀጠለቻት ባለ አንድ ጎማ ወንበር
ምን ያልጫነችው አለ፣ በኪህኑ ደሴት መንደር!
የታመመ በግ፣ ደብዳቤ፣ ሙሽሪት ከነአበባው፣
ቄሱንም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ በየኩርባው።

ባሕሩ በብርድ ሲረጋ በላዩ ትነዳለች፤
በረዶው ከሥሯ ሲንጣጣ፣
«ጸጥ በል!» ትለዋለች፣
እኔን በምትቆጣው ቁጣ።

አንዴ ካንዴላ ስታጸዳ ጠየቅኋት ስለ ባሏ፣
ባሕር ስለ ወሰደው።
«አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ አቀብለኝ» ነበር ቃሏ።

ዘንድሮ፣ ያለ እሷ፣ መጋዘኑን ከፈትሁ።
ቤንዚኑ ዛሬም ይሸታል።
በጎን ወንበሯ ላይ አንዲት ዶሮ
እንቁላል ታቅፋለች።
ላስነሣት እጄን ሰደድሁ፣
ተውሁ።

ሄልዩ ተሳፋሪ አውርዳ አታውቅም።