ለጓደኛዬ ነው

ከቱሉ ዲምቱ ላይ፣ ከአስፋልቱ ማለቂያ፣
አሸዋ ጭኜ ስወርድ ወደ ኮዬ ጉያ፣
ግማሽ ቂጤን ብቻ ወንበሩ ላይ ጥዬ፣
ግማሹን ባየር ላይ እንደ ቅል ሰቅዬ፣
ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ጥርሴን እየነከስኩ፣
አሸዋውን እንደ እንቁላል ቀስ አርጌ እየወሰድኩ።

ቡሽራ ረዳቴ ከጎኔ ይስቃል፤
«ጋሼ፣ ወንበሩ ላይ ምስማር ወጥቷል?» ይላል።
«ሱስታው ነው» እላለሁ፣ «ሱስታው ተሰብሮ ነው፤
ጋራዥ ሳይገባ ነው የከረመው፣ ምን ላርገው?»
ውሸቴን ነው። እኔ ነኝ ጋራዥ የሚያስፈልገኝ።
ሽንት ቤት ስገባ ላብ ነው የሚያጠምቀኝ፣
ስጨርስ ወረቀቱ ላይ ቀይ ነው የሚጠብቀኝ።

አስናቁ ሚስቴ ናት። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ
አልጋ ተጋርተናል፣ ልጆቹም አደጉ፣ አየሉ።
ብድሬን ታውቃለች፣ ፍርሃቴን ታውቃለች፤
የዚህች ቁስል ስም ግን ካፌ አልወጣ አለች።

ድንጋይ ካባው ዘንድ አንዱ ሹክ አለኝ፤
«ምላጭ የያዘ ሰው አውቃለሁ» ሲለኝ፣
«ቆርጦ፣ ነጭ ሽንኩርት ቀብቶ ይልክሃል»፣
ሰማሁት። ከዚያ ወዲያ ማን ይቀመጣል?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጭኔን ከፍቼ እየሄድኩ፣
ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ፋርማሲው ደረስኩ።
ሁለት ሴት፣ አንድ ዲያቆን፣ የዕድራችን ጸሐፊ፤
ሁሉም ቆሟል፣ አንዱ የለም አላፊ።
የወተት ዱቄቱን የግድግዳ ማስታወቂያ
ሦስቴ አነበብኩት፣ ለወረፋው መቆያ።
ከዚያ ተጠጋሁ፣ ድምፄን ወደ ሆዴ መልሼ፤
«ለጓደኛዬ ነው» አልኩ፣ አገጬን ዳስሼ።

ኩለኒ ትባላለች፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል።
የልጄ እኩያ ናት፣ ዓይኗ ግን ብዙ አይቷል።
«ጓደኛዎ ይደማል?» «አዎ።» «ሲወጣስ ያመዋል?»
«እንደ ጠርሙስ ስባሪ።» «ስንት ጊዜ ሆነዋል?»
«ሦስት ሳምንት» አልኩ፣ የራሴን ወገብ እየነካሁ።
ማየቷን አየሁ። ዝም አለች፤ ዝም አልሁ።

ቱቦዋን አወጣች፣ የትንሽ ጣት ቁመት፤
«ይንገሩት» አለችኝ፣ «አይቀባ በብዛት።
የሽንብራ ፍሬ ታህል ትበቃዋለች፤
ቢያበዛት አትፈጥንም፣ ቆዳ ታሳሳለች።
ለብ ባለ ውሃ ይቀመጥ፣ በሳፋ፣ ሩብ ሰዓት፤
ሳሙና አይጨምር፣ በረኪናም አይንካት።
ባማረ ጨርቅ መታ መታ ያርግ እንጂ አይፈትግ፤
እጁን ቀድሞም ኋላም ይታጠብ፣ ጥፍር አያሳድግ።
ጠዋትና ማታ፣ ሰባት ቀን፣ ከዚያ ይቁም፤
ይሻለው አይሻለው፣ ከሳምንት አያልፍም።
ጎመን ይብላ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ተቀምጦ አያምጥ።
ደግሞ ሦስት ሳምንት ከደማ ዝም ብሎ አይቀመጥ፤
ጤና ጣቢያ ይታይ። የሚደማ ሁሉ
ኪንታሮት አይደለም፣ ሰዎች እንደሚሉ።
ቱቦዋንም» አለች፣ «ለማንም አያውስ፤
ያንዱን ቁስል ለአንዱ በጣት እንዳያደርስ።»

ማታ። አራተኛ ፎቅ። የፈረቃው ውሃ ሄዷል።
ከቢጫው ጄሪካን ሳፋው እኩል ሞልቷል።
በሩን ቆልፌ፣ እንደ ሕፃን ተቀመጥኩ።
አስናቁ አንኳኳች፤ ትንፋሼን ዋጥኩ።
«ይቺን ጨምርበት፣ ይቀዘቅዛል» አለች፤
አንድ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ በስንጥቁ አቀበለች።

ለካ ታውቅ ነበር።

ጤና ጣቢያም ሄድኩ። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ
«ስንጥቅ ነው፣ ሌላ የለም» አለኝ አጥርቶ፣ ጠይቆ።
በስምንተኛው ቀን ቱቦዋ ግማሽ ነበረች፤
እጄ ሄደ፤ «ትንሽ ብቻ» የምትል ነገር አለች።
ክዳኗን አጠበቅኩ።

ወር አለፈ። ገላን ላይ፣ ሚዛን ተሰልፈን፣
ቡሽራ ዝም አለ፤ ሳቁ ጠፋብን።
ዞሬ አየሁት። ግማሽ ቂጡን ወንበሩ ላይ ጥሎ፣
ግማሹን ባየር ላይ እንደ ቅል ሰቅሎ።
«ሱስታው ነው» አለኝ።
ቆየና፣ «ጋሼ፣ ያቺ ቱቦ ተርፋ ከሆነ…»
«አላውስም» አልኩት። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ።

መሪውን ጠመዘዝኩ፤ ፋርማሲው በር አቆምኩ።
የዕድሩ ጸሐፊ ዛሬም አለ፤ ሰላም አልኩ።
ኩለኒ ቀና አለች።
«ለጓደኛዬ ነው» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አርጌ፣ ጮክ ብዬ፤
ዛሬስ እውነቴን ነው፤ ይኸው ከኋላዬ።