ትንሽ አሞት ነው

ከአቃቂ ሆስፒታል፣ ከደረጃው ሥር፣
ሶኬት ያለበት ጥግ፣ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር፣
ቢሮዬ ናት።
ከባለ ክራንቹ ልጅ ጋር ተራ ገብተን
ስልክ የምንሞላባት።

አባቴ ከላይ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ አልጋ አሥራ አንድ።
ሠላሳ ዓመት በክር ፋብሪካ የተበጠሰ ሲቀጥል የኖረ ሰው፣
ዛሬ የራሱን ትንፋሽ በቀጭን ቱቦ ይጎትታል፣ በግድ።

«አንቺ ቅርብ ነሽ» አሉኝ፤ ቅርብ መሆን ሹመት ሆነ።
ሐኪሙ እየሄደ የጣለልኝን ሦስት ቃል
ለቤተ ዘመዱ እመነዝራለሁ፦
ለይልቃል፣ ለሚዛኑ፣ ሙሉውን፤
ለእትዬ ጠጂቱ፣ ደም ግፊቷን ፈርቼ፣
ግማሹን አስቀርቼ፤
ለስመኝ፣ ነፍሰ ጡር ናትና፣ በማር ለውሼ፤
ለወርዶፋ አጎቴ ማንበብ አይሆንለትም፣ በድምፅ ነው፣
አስቀድሜ ሽንት ቤት ገብቼ፣ አልቅሼ።

ችግሩ አማርኛው ነው።
በእኛ ቤት ሞት በስልክ በስሙ አይጠራም፤
«ትንሽ አሞት ነው፣ ና» ይባላል እንጂ ሌላ ቃል የለም።
እናቴ ስታርፍ እኔም የተጠራሁት በዚችው ቃል ነበረ፤
ከአዳማ እስከ ገላን ስመጣ
የታክሲው ረዳት እንኳ ሂሳብ ሲቀበለኝ ዓይኑን ሰበረ።

አሁንስ? እውነት የታመመውን፣
ታሞም ያልሞተውን፣ በምን ቃል ልናገር?
«ታሟል» ስል ሞቷል፤ «በጣም ታሟል» ስል ተቀብሯል፤
«ደህና ነው» ስል ደግሞ የባሰ፤
ደህና የሆነ ሰው ቤት ማን በሌሊት ይደውላል?

ሐሙስ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣
ጣቴ እየተንቀጠቀጠ፣ ለሁሉም፣ ሰው ሳልመርጥ፦
«አባባ አሞታል። ከቻላችሁ ኑ።»

ዓርብ ጠዋት አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ከአሰላ ደረሰ፤
የቱሉ ዲምቱን የክፍያ በር ሳያልፍ ያለቀሰ።
(ቲኬት ቆራጯ «እግዜር ያጥናችሁ» ብላ ነው መልስ የሰጠቻቸው።)
እትዬ ጠጂቱ መቀነቷን አጥብቃ፣
ሞጆ ላይ የተሳፈረው ወርዶፋ ጋቢውን ዘቅዝቆ፣
«ወንድሜ! ወንድሜ!»
ጥበቃው መዝገቡን እንደያዘ ቀረ።
ነርሷ ከመስኮት ብቅ አለች፦
«የስንት ቁጥር ናችሁ? አሥራ አንድ?
ኧረ አሁን አጥሚት ጠጡ!»

ለቅሶው መሐል መንገድ ላይ ቆመ።
ወዴት ይሂድ? የወጣ እንባ አይመለስ።
እትዬ ጠጂቱ በእኔ ላይ ዞረች፦
«ታዲያ ለምን ታሟል አልሽ?»
«ታሞ ነዋ!»
«ታሞ ከሆነማ ደህና ነው አይባልም ወይ?»

ሁለት ሁለት እየሆኑ ወጡ፤ ካርዱ ሁለት ነው።
አባባ አንድ ዓይኑን ገለጠ፤ ጋቢውን አየው፤
ጭምብሉን በሁለት ጣት ወደ ጎን ሳብ አድርጎ፣
«ወርዶፋ… ማን ሞተ?»
አጎቴ ጋቢውን እዚያው ቆሞ አገላበጠ፤
ጥለቱን ፈልጎ ወደ ታች መለሰው፤
«ማንም» አለ። «ብርድ ነው።»

ማታ፣ ሁሉም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየማችን ወለል ላይ ሲተኙ፣
እኔ ወደ አልጋ አሥራ አንድ ተመለስኩ።
ምንም አልጻፍኩም።
ስልኬን ከጭምብሉ አጠገብ አስጠግቼ
አሥራ ሁለት ሰከንድ ቀዳሁ፦
ሽሽ… ከዚያ ዝም… ከዚያ ሽሽ…
በልጅነቴ ምሳ ይዤለት ስሄድ
ከፋብሪካው ግንብ ወዲህ እንደምሰማው፣
ሩቅ፣ ግን የማይቆም።
ለሁሉም ላክሁት።

ባትሪዬ ሦስት ከመቶ ቀረው፤
ባለ ክራንቹ ልጅ ሳልጠይቀው ሶኬቱን ለቀቀልኝ።
ስመኝ ከድሬ ሰምታዋለች፣ ሁለቱ ምልክት ሰማያዊ ሆኗል፤
ቃል ግን አልመለሰች።
ይልቃል ብቻ፣ ከሚዛን፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን፦
«ነገም እንዲሁ ላኪልኝ፤ ረዘም አድርጊው።»