የሁለተኛው ገቢር ደብዳቤ

ትናንት ማታ፣ ኬቶ፣
መስታወቱ ፊት ቁጭ ብዬ፣ ግማሽ ፊቴ ቀለም ነክቶ፣
በግማሹ ደግሞ የሰባ ዓመቴ ቆዳ ከጥጡ ሥር ወጥቶ፣
በሩን ተደግፈሽ ቆመሽ፣ ጫማሽን አንጠልጥለሽ፣
«ያ እንባ ከየት ነው የሚመጣው?» አልሽኝ፣ አፍሽን ሞልተሽ።

ትምህርት ቤት ያሏችሁን አውቃለሁ፤ እኛንም ብለውናል፤
«የሞተብሽን አስቢ፣ ቁስልሽን ቆስቁሺ» አስተምረውናል።
ሞከርኩት። የሞተብኝ ስላልነበረ፣ አባቴን ገደልኩት፤
ማክሰኞ በሳንባ ምች፣ ሐሙስ ከባቡር ጣልኩት፣
ቅዳሜ ሁለት ትርዒት ነበረን፤ ሁለት ጊዜ ቀበርኩት።
እቤት ስገባ፣ እሱ፣ በለውዝ ቅርፊት ተከቦ፣
ጋዜጣ ያነብ ነበር፣ መነጽር በመነጽር ላይ ደርቦ።
«ምነው ዓይንሽ ቀላ?» ይለኛል።
አፈርኩ። ተውኩት።

እውነቱን ልንገርሽ? ከሻልቫ ነው የሚመጣው።
አታውቂውም፤ አንቺ ሳትወለጂ ነው የሞተው።
የዕቃ ክፍል ሹም ነበር፤ ከቆርቆሮ ዘውድ እስከ ሻይ ማንኪያ
ሁሉን በደብተር የሚይዝ፣ ለሳቁ እንኳ ያለው መለኪያ።

ያን ጊዜ የምጫወታት ሴት፣ ባሏ ጦር ሜዳ ነው፤
ሁለተኛው ገቢር ላይ፣ ፖስተኛው በሩን ሲያንኳኳው፣
ደብዳቤ እቀበላለሁ። እከፍታለሁ። አነባለሁ።
ሞቷል።
ወረቀቱ ባዶ ነው፤ ሞቱን ከራሴ ነው የማነበው።
መቶ ምሽት ባዶውን አነበብኩ።
መቶ አንደኛው ላይ ስከፍተው፣ በሻልቫ ጠማማ ጽሕፈት፣
«ቲማቲም ሁለት ኪሎ። ሳሙና። የሚስቴ የሳል መድኃኒት።»

ሳቄን ዋጥኩት። ሳቅ ሲዋጥ ግን ትከሻን ያንቀጠቅጣል፤
ለሩቅ ተመልካች ደግሞ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሳግ ይመስላል።
ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። ዳይሬክተሩ ግንባሬን ሳመ።
ሻልቫ ማንኪያ ይቆጥራል፣ ጥግ ላይ እንደቆመ።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ፦ የኳስ ውጤት፤ የአለቃ ሐሜት፤
«ቀሚስሽ ከኋላ ተተርትሯል፣ ጀርባሽን እንዳትሰጪ ለሰው ፊት»፤
ስንት ጊዜ የባሌን ሞት ትቼ
ለተሸነፈው ቡድን አለቀስኩ።

ከዚያ ያ ብርድ መጣ።
መብራት ከትብሊሲ ወጣ።
ሰው የመናፈሻውን ዛፍ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያውን እያነደደ፣
ትያትር ግን አልቀረም፤ ሻማውን ከቤቱ እየወሰደ፣
ካፖርቱን እንደለበሰ። ትንፋሻችን ከቃላችን ቀድሞ ይታይ ነበር፤
የኋላ ረድፍ የተቀመጠው፣ እንፋሎቱን አይቶ፣
ማን እንደሚናገር ይለይ ነበር።

ልጆቼ ሁለት ቀን ዳቦ አልቀመሱም፤ ለማንም አልተናገርኩም።
ፖስተኛው አንኳኳ። ከፈትኩ። በሻማው ብርሃን፦
«ላማራ፣ ቬራ ሰፈር ዳቦ ገብቷል። ሚስቴ ላንቺም ተራ ይዛለች።
ሦስተኛውን ገቢር ፈጠን በሉ።»

ኬቶ፣ ጉልበቴ ከዳኝ።
አዳራሹ ለሞተው ባሌ አለቀሰ፤
የኔው ግን ለዳቦው ነበር፣ ሻማዬን እስኪያጠፋ ፈሰሰ።
ፊተኛው ረድፍ ያለች ሴትዮ፣ ትያትር መሆኑን ዘንግታ፣
የራሷን ሻማ ዘረጋችልኝ፣ ከመቀመጫዋ ተነስታ።
ሦስተኛውን ገቢር በሩጫ ጨረስነው። የባሌ መንፈስ እንኳ
ቸኩሎ ነበር የገባው፤ እሱም ሰምቷል ለካ።

ሻልቫ በሚያዝያ ሞተ። ሳሉ የሚስቱ ብቻ አልነበረም።
የዚያን ማታ ወረቀቱን ከፈትኩት።
ምንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ትያትሩ ይለዋወጣል፤ ደብዳቤው ግን አይቀርም፤
የዓለም ደራሲ ሁሉ፣ ፖስተኛ ሳይልክብን አያድርም።
አሁን ያሉት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ማኅተም አለው፣ ቀን አለው፣
የጦሩ ቁጥር፣ «ከጥልቅ ሐዘን ጋር»፣ ሁሉም በማሽን ታትሞ ነው።
አንድም ቃል አላነብለትም። ጠርዙን፣ ነጩን ነው የማየው፤
ቲማቲም እፈልጋለሁ።

ሂጂ፣ ጫማሽን አድርጊ፤ ይህ ወለል እግር ይበላል።
ነገ ግን፣ ከመግባታችን በፊት፣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ይውላል፤
እስክሪብቶ አታጪም።
የምትጽፊው ቢጠፋሽ፣ ከገበያ የምትገዢውን ጻፊ።